ሽንኩርት ይዛ የመጣችው እናት

ሰው ወደ ጉራጌ አገር ለመስቀል ይሄዳል፣ ለአረፋ ይሄዳል፣ ለሠርግና ለለቅሶ ይሄዳል። እኔ የሄድኩት የአንድ አስፈሪ ፊልም መጨረሻ ፍለጋ ነው። አለቃዬን ፈቃድ ስጠይቅ ግን «ዘመድ ልጠይቅ ነው» አልኩት። የምሠራው ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጮህ እየሰማሁ ነው የምውለው። ማታ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ሰው የሚጮህበት ፊልም እከፍታለሁ። ጓደኞቼ «ጤነኛ ነሽ?» ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የያዘኝ ነገር ነው።

ያደግኩት ወልቂጤ ነው። እናቴ የደብረ ማርቆስ ሰው ነበረች፤ አስተማሪ ሆና ተመድባ መጥታ እዚያው ቀረች። ያኔ ከተማው ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ እርስ በርስ ተጣብቀን የምንቀመጥበት አግዳሚ፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ጋሽ ሸምሱ ይቆማል። ተርጓሚያችን ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ይሄዳል፣ እሱ በላዩ ላይ በአማርኛ ይናገራል። የወንዱንም፣ የሴቷንም፣ የሬሳውንም ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው። ሬሳ ሲሆን እንዴት ይችልበት ነበር!

ከሁሉም የምንወደው «አንኳኪዋ» የምንለውን ነው፤ እውነተኛ ስሙን የጠየቀ አልነበረም። አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ሐይቅ ዳር ትኖራለች። ሐይቁ ውስጥ ሰጥማ የቀረች ሴትዮ ሲመሽ እየወጣች በር ታንኳኳለች፤ የከፈተላትን ይዛው ወደ ውሃው ትመለሳለች። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ብቻዋን ትቀራለች። በሩ ሦስቴ ይንኳኳል። ትከፍታለች። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ድርግም ብሎ ይጠቁርና ስሞች መውረድ ይጀምራሉ። ጋሽ ሸምሱ እዚህች ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሩ ላይ ማን ብትሆን ጥሩ ነው?» ይለናል። ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። «እናቷ! ከገበያ ሽንኩርት ገዝታ መጥታ!»

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ፊልሙ ተደጋግሞ ቢታይም እናትየዋ የምትይዘው ዕቃ ይለያያል። አንድ ቀን ሽንኩርት፣ ሌላ ቀን ስኳር፤ መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባ አዲስ ጫማ፣ አረፋ ሲደርስ የሚያብረቀርቅ ቀሚስ። የምንሰለፈው «ዛሬ ደግሞ ምን ይዛ ትመጣ ይሆን?» እየተባባልን ነበር። ከዚያ እየሳቅን ከከተማው ዳር ያለውን የእንሰት ጓሮ አቋርጠን ወደየቤታችን እንበተናለን። እናቴ በአገሯ እንሰት አታውቅም፤ ያ ሰፋፊ ቅጠል በምሽት ሲንሿሿ ትፈራው ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ ባትሪ ይዛ መታጠፊያው ላይ ትጠብቀኛለች፤ ጋሽ ሸምሱም ቪዲዮ ቤቱን ዘግቶ ሲያልፍ ሰላም ይላታል። አሁን ካረፈች ቆየች፤ ያቺ የባትሪዋ ብርሃን ግን እንሰት ባየሁ ቁጥር ትመጣብኛለች።

ዘንድሮ የአንኳኪዋ ተከታይ ፊልም ወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች ነን የምንል ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ አንዱ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን መጀመሪያ አሮጌውን፣ ቀጥሎ አዲሱን አየን። አሮጌው እንደማውቀው ጠቆረና ስሞቹ ወረዱ። ያኔ ጋሽ ሸምሱ ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነበር። ለካስ ከስሞቹ በኋላ አንዲት ቁራጭ ኖራለች፤ ሐይቁ ላይ የሕፃን ጫማ ተንሳፍፎ ይታያል። አዲሱ ደግሞ «ልጅቷ ከተወሰደች በኋላ» ብሎ ይጀምራል። እኔ ሆዬ ብድግ ብዬ «እንዴ! እናቷስ? ሽንኩርት ይዛ የመጣችው?» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግሩፑ ውስጥ ስሜ «ሽንኩርት» ሆነ።

አብሬ ሳቅኩ እንጂ አመመኝ። የልጅነቴን አንድ ጥግ መጥተው ያፈረሱብኝ መሰለኝ። እናቲቱ ሌላ ቅጂ ላይ ነበረች ወይስ ጭራሽ አልነበረችም? ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። አዲሱን ፊልም ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ከአየር ጤና ሚኒባስ ያዝኩ። ላፕቶፔን አቅፌ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ የነበሩት እናት ትንሽ ታገሡና «ምንድነው እንዲህ እንደ ሕፃን ያቀፍሽው?» አሉኝ።

«ፊልም ነው፣ እማማ።»

«የሠርግ?»

«አይ፣ የሞተች ሴትዮ በር ስታንኳኳ ነው።»

በስመ አብ ብለው አማተቡ። ወሊሶ ላይ ሰው ሲወርድ ቦታ ቀየሩ። ሆኖም ክፉ አልነበሩም፤ ከኋላ ወንበር እጃቸውን ዘርግተው ግማሽ ሙዝ አቀበሉኝ። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ቢሆን ሙዙም አይመጣ፣ ጥያቄውም አይጠየቅ።

ወልቂጤ አድጋለች። ፎቅ ላይ ፎቅ፣ ባንክ ላይ ባንክ። የባጃጁን ልጅ «ድሮ ቪዲዮ ቤት ወደነበረበት ውሰደኝ» ስለው ዞሮ አየኝና «እህት፣ ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?» አለኝ። በራሴ ትዝታ እየመራሁ አደረስኩት። ጭቃ ቤቱ የለም። ቦታው ላይ የስልክ መሸጫ ቆሟል፤ መስታወቱ ላይ የአዳዲስ ፊልም ፖስተር ተለጥፏል፣ «በፍላሽ እንጭናለን» ይላል። አግዳሚው የነበረበት ጋ አንድ ጎረምሳ የስልክ ሽፋን ይመርጣል። እንባዬ መጣ። ያለ ምክንያት ቆሜ እንዳላለቅስ ብዬ እኔም አንድ የስልክ ሽፋን ገዛሁ፤ ለስልኬ ግን አይሆንም።

ብርሃኑ የሚባል አብሮ አደጌ እዚያው አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ሶፋ፣ አልጋ፣ በርና መስኮት ይሠራል። ሲያየኝ መጋዙን አስቀምጦ በአቧራው እጁ አቀፈኝ። ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ ነው፤ አባቱ ፊልም ማየት ኃጢአት ነው ብለው ከልክለውት ነበር። እሱ ታዲያ አንድም ቀን ቪዲዮ ቤት አልገባም። ከውጭ ጭቃው ግድግዳ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ፊልሙን ሁሉ በጋሽ ሸምሱ አፍ ጨረሰው።

«አባዬ ፊልም አይተሃል ወይ ይለኛል፣ አላየሁም እለዋለሁ» አለኝ እየሳቀ። «መቼ ዋሸሁ? አላየሁም እኮ!»

ማታ ቤቱ ወሰደኝ። ባለቤቱ ክትፎ ከአይብና ከጎመን ጋር አቀረበች፤ ቆጮው ሳሳ ብሎ ትኩስ ነበር። አዲስ አበባ በውድ የምንበላው ክትፎ የዚህ የሩቅ ዘመድ ነው። የግሩፑን ጉዳይ ስነግራቸው ብርሃኑ ጉርሻውን አየር ላይ አቆመ። «ምን ማለት ነው አልነበረችም? ሽንኩርት ይዛ መጥታለች! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

ምስክር አገኘሁ ብዬ ልጮህ ስል፣ እሱም የሰማው ከዚያው ከጋሽ ሸምሱ አፍ መሆኑ ትዝ አለኝ።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንኳኪዋ መልኳ ምን ይመስላል?» ላፕቶፑን ልከፍትለት ስል እጄን ያዘ። «ተይው፣ ተይው። እኔ ጋ ቆንጆ ናት።»

ጋሽ ሸምሱ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ መስቃን እንደተመለሰ የነገረኝ እሱ ነው። ልጁ ረህመት ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ትነግዳለች። «ዓይኑን አሞታል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለኝ። «ፈጥነሽ ሂጂ።»

ያረፍኩበት ሆቴል ውሃ ጠፍቶ ነበር። አዲስ አበባ ቢሆን «ውሃ የለም» ብለው በር ይዘጉብሻል። እዚህ የሆቴሉ ባለቤት ሴትዮ ሁለት ባልዲ ሙቅ ውሃ ራሳቸው ተሸክመው ፎቅ ወጡ። «ምንጩን ያደረቅኩት እኔ ነኝ እንዴ?» እስኪያሰኘኝ ድረስ ይቅርታ ጠየቁኝ።

ሁለተኛው ቀን

ወደ ቡታጅራ ተራራውን አቋርጦ የሚያልፍ መኪና አገኘሁ። ቸሃን ስናልፍ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰት፣ ከእንሰቱ መሃል የሣር ክዳን ቤት፣ ከቤቱ ፊት እንደ ተላገ እንጨት የጠራ ጀፎረ። ጀፎረ በመንደሩ መሃል የሚዘረጋው ሰፊ ባለ ሣር መንገድ ነው። ሕፃን ሆነን እዚያ ላይ እንሮጥ እንደነበር አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ነገርኩት። «አሁንም ሩጪበት ማን ከለከለሽ» አለኝ፣ ከቆሎው እየዘገነ እየሰጠኝ።

ዳገቱ ላይ ጎማ ፈነዳ። ጉሙ ወርዶ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሾፌሩ ጎማ ሲቀይር አንዲት ሴት ከቤቷ ወጥታ «ኑ ግቡ፣ ብርድ ላይ አትቁሙ» ብላ ሁላችንንም ምድጃዋ ዙሪያ አስቀመጠችን። የማናችንም ዘመድ አይደለችም፤ ስማችንንም አልጠየቀችም። ስንወጣ «በሰላም ግቡ» ብላ በሩን ዘጋች። እኔ አዲስ አበባ ስኖር በሬ ሲንኳኳ መጀመሪያ የማደርገው ድምፄን ማጥፋት ነው። ያው ፊልሙ ነው ጥፋተኛው።

ቡታጅራ ስደርስ ገበያው ደርቶ ነበር። የበርበሬ ተራ ስገባ ማስነጠስ ጀመርኩ፣ አላቆም አልኩ። ረህመትን ያገኘኋት እያነጠስኩ ነው፤ ያው ስሟን በአንድ ትንፋሽ መጥራት አልቻልኩም። ከወልቂጤ የመጣሁ የቲቸር ልጅ መሆኔን ስነግራት የሚዛኑን ሳህን አስቀመጠች።

«አልጋ የት ይዣለሁ አልሽ? ሆቴል? አባቴን ልትጠይቂ መጥተሽ?» አለች። «ሰው ምን ይለኛል?» ሻንጣዬን ራሷ አንስታ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ።

ማታ እግሬን እያስታጠበችኝ ሁሉንም ነገረችኝ። የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው የዓይን ብርሃን አይመለስም ብለዋቸዋል ሐኪሞቹ። ብርሃን ከጨለማ ይለያል እንጂ ሰው አይለይም። «ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ማውራት ተወ» አለችኝ። «ያ ቤቱን በአንድ አፉ የሚሞላው ሰውዬ አሁን 'እሺ' እና 'አይ' ብቻ ነው። ከተማ ከእኔ ጋር ኑር ብለው፣ በገዛ አጥሬ ውስጥ ልሙት አለኝ።»

አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ፈራሁ። ሳልደርስበት የቀረ መሰለኝ። ጋሽ ሸምሱ ቢኖርም ያ ድምፅ ከሌለ፣ የእናቲቱን ነገር ማን ይነግረኛል? ላፕቶፑን ቻርጅ ላድርግ ብዬ ቦርሳዬን ስፈትሽ ደግሞ ቻርጀሩ የለም። ወልቂጤ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ እንደተሰካ ትቼው መጥቻለሁ። ራሴን በጥፊ ልመታው ምንም አልቀረኝም። የረህመት ጎረቤቶች ያላቸውን ቻርጀር ሁሉ አምጥተው ሞከሩ፤ አንዱም አልገባም። ግማሽ ቻርጅ ነበረው፣ በቃ።

ሦስተኛው ቀን

ረህመት ሱቋን ለጎረቤት ሰጥታ አብራኝ ሄደች። እስከ መንገዱ ጫፍ ጋሪ፣ ከዚያ በእግር። የበርበሬ ማሳ አለፍን፣ ከዚያ መታጠፊያ ላይ ጥቅጥቅ ያለ እንሰት ውስጥ ገባን። ቀን ስለነበር አረንጓዴ ብርሃን ነው፣ ደስ ይላል። ቤቱ ከእንሰቱ ማዶ ነው።

ጋሽ ሸምሱ ደጃፉ ላይ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል። ከስቷል። ነጭ ኮፍያ፣ ንጹሕ ሸሚዝ። ዓይኖቹ ወደ እኛ ቢዞሩም አያርፉብንም። «አባ፣ እንግዳ ይዤ መጣሁ» አለችው ረህመት። ልጅ ሆኜ አንተ እያልኩት ያደግኩትን ሰው፣ ዕድሜው ከበደኝና «እንዴት ነዎት?» አልኩት።

«ነዎት?» አለ ግንባሩን ቋጥሮ። «የማን ሽማግሌ መጣ ደግሞ?»

ረህመት አፏን ያዘች። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። በሳቄ አወቀኝ። «የቲቸር ልጅ! አንቺ እኮ ነሽ ከሁሉ በኋላ የምትስቂው!» እጄን ይዞ አልለቀቀኝም። «ቲቸርስ? ደህና ናት?»

«አርፋለች፣ ጋሼ።»

«ነፍሷን ይማር» አለ። ከዚያ በኋላ እውነትም ማውራት ተወ። ረህመት ቆጮና ጎመን፣ ከላይም ወተት አቀረበች። በላን። እሱ «እሺ»፣ «አይ» ብቻ። እንደ ምንም ብዬ «ጋሼ፣ አንኳኪዋ ተመልሳለች» አልኩት።

አንገቱ ቀና አለ። «ማን?»

«ተከታይ ሠርተውላታል። ይዤልህ መጥቻለሁ።»

«ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ? ክፈቺ!»

ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ከፈትኩ። እሱ ጆሮውን አስጠጋ። አብሮ አደጌ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ጆሮውን የለጠፈው ትዝ አለኝ። ልጅቷ ስትናገር «ማነሽ፣ አትምጪ፣ አለች» እያልኩ ተረጎምኩለት። ትንሽ ቆይቶ በከዘራው መሬቱን መታ።

«እንደ ዜና አታንብቢብኝ! እሷ ስትፈራ አንቺም ፍሪ! ሬሳዋ ስትመጣ ድምፅሽን ከሆድሽ አውጪው!»

በመጀመሪያ አፈርኩ። ረህመት ፊት ሬሳ መሆን ቀላል አይደለም። ቀስ በቀስ ግን ያ ቪዲዮ ቤት ተመልሶ መጣ፤ አግዳሚው፣ የጄነሬተሩ ጩኸት፣ የሰው ላብ። ጮህኩ፣ አለቀስኩ፣ አንሾካሾክኩ። ጋሽ ሸምሱም አላስችል ብሎት የወንዶቹን ድምፅ ተቀበለኝ። ረህመት ድስቷን ረስታ በሩ ላይ ቆማ አባቷን ታየው ነበር። እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

መጨረሻው ላይ ሌላ ልጅ ያው ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። በሩ ሦስቴ ተንኳኳ። ልጅቷ እጇን ወደ መዝጊያው ዘረጋች። ድርግም! ቻርጁ አለቀ።

«ምነው ዝም አለ?»

«ላፕቶፑ ጠፋ፣ ጋሼ።»

«አይተሽዋል አይደል? ጨርሺልኝ።»

አይቼዋለሁ። አንኳኪዋ ናት፤ ልጅቷን ይዛ ትሄዳለች፣ ቤቱም ወደ ሐይቁ ይሰጥማል። ግን ያንን ፊት እያየሁ፣ በዚያ ጨለማው ውስጥ እንዲህ በርቶ፣ እንዴት ልበለው? «ትከፍታለች» አልኩ። «በሩ ላይ የቆመችው... እናቷ ናት። ሽንኩርት ይዛ።»

ጋሽ ሸምሱ እጁን አነሳ። «ዋሸሽ።»

«ኧረ ጋሼ...»

«ያቺን እናት ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ትሸጪያታለሽ?» ሳቀና አገጩን አሻሸ። «መጀመሪያ ቀን እንዳለ ተረጎምኩት። ወሰደቻት ብዬ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ልጆቹ ከአግዳሚው አልነሳ አሉ! ውጡ ብል ማን ይውጣ? መንገዳቸው በእንሰት ውስጥ ነው። አንዱ ሱሪውን አርጥቧል። አንድ በአንድ እጃቸውን ይዤ በየቤታቸው አደረስኳቸው፤ የእናቶቻቸውን ስድብ ጠጥቼ ተመለስኩ። በማግሥቱ፣ እንግዲህ እናቷ ትምጣ አልኩ። ልጅ ወደ ቤቱ እየሳቀ ይሂድ እንጂ ፊልሙ ምን ቸገረው?»

ስለዚህ አልነበረችም። ሌላ ቅጂም የለም። ይህን ስሰማ አዝናለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ደረቴ ውስጥ የሞቀ ነገር ፈሰሰ። ያ ሁሉ ዓመት የሳቅኩት እሱ በደህና ቤቴ እንድገባ ስለፈለገ ነው።

«እኔ አሁን የማቋርጠው እንሰት የለኝም» አለኝ። «ቤቴ ደጃፍ ላይ ነኝ። እውነቱን ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ምንም ሳልቀንስ፣ የሴትዮዋን ድምፅ ከሆዴ እያወጣሁ፣ ልጅቷን ወሰድኩለት፣ ቤቱን አሰጠምኩለት። ጭኑን በጥፊ መታ። «ወይ ጉድ! እንዲህ ነው እንጂ! ጨካኞች!» አለ፣ ደስታው ልክ አልነበረውም። ከዚያ ስለ አሮጌ ፊልሞች ጀመረ፣ ማንም አላቆመውም። ረህመት በጆሮዬ «እዚህ አድራለሁ፣ እንዲህ ሲያወራ ትቼው አልሄድም» አለችኝ።

እኔ ግን በማግሥቱ ሥራ ነበረብኝና አንድ የመንደሩ ሰው ደውሎ ባጃጅ መንገዱ ጫፍ አስቆመልኝ። ጋሽ ሸምሱን ጉልበቱን ስሜ ተነሳሁ። ፀሐይ ገብታለች፣ ሰማዩ ላይ ትንሽ ብርሃን ቀርቷል። እንሰቱ መግቢያ ላይ ስደርስ ቅጠሉ መንሿሿት ጀመረ። ከውስጥ ጥቁር ነው። እውነቱን ልናገር፣ ስንት አስፈሪ ፊልም ያየሁት ሴትዮ እግሬ ተያዘ። አሁን የተረጎምኩት ሁሉ እዚያ ውስጥ የሚጠብቀኝ መሰለኝ።

ጋሽ ሸምሱ ኮቴዬ መቆሙን ሰማ መሰለኝ። ከኋላዬ ያ ድምፅ፣ የድሮው፣ ቤት የሚሞላው ድምፅ መጣ።

«የቲቸር ልጅ! በሩ ላይ ማን ብትሆን ጥሩ ነው?»

«እናቷ!» ብዬ ጮህኩ፣ እንደ ምንም።

«እናቷ! እሷው ራሷ!»

«ምን ይዛ መጣች?» አልኩት።

ጮክ ብሎ፣ እንሰቱን ሁሉ ዘልቆ እንዲሰማ፣ «ባትሪ!» አለኝ። «ባትሪ ይዛ መታጠፊያው ላይ ቆማለች! ሂጂ፣ አታስጠብቂያት!»

የስልኬን መብራት ሳላበራ እስከ መታጠፊያው ሄድኩ።